በአሞሌ የታጠበው ፎቶ

ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ክረምት ሲገባ ያልበዋል። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና መስታወቱ ከውስጥ ውሃ ያዝላል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ያወጣል። አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ ከመስታወቱ አውጥቼ በምላሴ ነካ አደረግሁት። ጨው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ ጨውነቱን አልረሳም። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። «እምየ፣ የላሱትን ነገር ልተወው፣ ሰው ይስቅብዎታል» አለችኝ። «ጻፊው! ሰው እንዲስቅ አይደል እንዴ የማወራው?» አልኋት።

ፎቶው ላይ አንድ ሽማግሌ በዳማ ፈረስ እየጋለቡ ነው። የባሌ አባት ናቸው። እንዴት ጨው ውስጥ እንደገቡ ልንገራችሁ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አትጠርጥሩ።

ያኔ ዳንግላ ነበርን፤ በጃንሆይ ጊዜ። ከተጋባን ገና ሁለት ዓመታችን ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በረንዳችን ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሱሪና ኮት ይሰፋል። ቤታችን ጠባብ ናት፤ ከኋላ ግን አንድ ጓዳ አለችኝ። መዘዙን ሁሉ ያመጣችው ያች ጓዳ ናት። መስኮት የላትም። ግድግዳዋን እኔው ራሴ በጭቃ መርጌ፣ በእበት ሦስት ጊዜ ለቅልቄአታለሁ፤ ቀዳዳ የሚባል አልተውሁም። በሩ ሲዘጋ የገዛ እጃችሁን አፍንጫችሁ ላይ ብታደርጉት አታዩትም። በዚህ በጣም እኮራ ነበር። ኩራቴ ነው ጉድ የሠራኝ፤ ሦስት ወንዶች ሰምተው መጡ።

አንዱ ያው ባሌ ነው። ሁለተኛው የክሊኒኩ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፤ አገሩ ሁሉ ሐኪሙ ስለሚለው እኔም ሐኪሙ ነው የምለው። ሦስተኛው ስልክ ቤት የሚሠራ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወንደላጤ ነው። ሦስቱን ያጣበቃቸው አንድ አሮጌ ካሜራ ነበር። ሐኪሙ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ በስጦታ ያገኘው፣ እንደ ብረት ቀጥቃጭ ወናፍ ተስቦ የሚዘረጋ፣ ቆዳው የተላላጠ ነገር ነው። ወናፉ አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ ነበርና ባሌ በጥቁር የኮት ገበር ጠግኖታል። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ካሜራችን» ማለት ጀመረ።

ሥራዬ ብለው የያዙት አይደለም። ደስታቸው ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ይበሉና ካሜራዋን አንግተው ይወጣሉ። አንድ ፊልም ስምንት ጊዜ ብቻ ነው የሚያነሳ። ስምንቷን ለመጨረስ ሁለት ወር ይፈጅባቸዋል፣ ምክንያቱም አንዷን ከማንሳታቸው በፊት እንደ ሽማግሌ ይመካከራሉ። «ብርሃኑ ይውረድ»፣ «አይ ደመናው ይለፍ»፣ «አንተ ባለፈው አንስተሃል፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው»። የሚያነሱት ነገር ደግሞ! ስልክ ቤቱ ሰውዬ ደመና ያነሳል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ዘንገና ድረስ ሄደና ሐይቁን አንድ ጊዜ ቀጭ አድርጎ ተመለሰ።

«ውሃ ለማንሳት ነው ያን ያህል መንገድ የሄድኸው?» አልሁት። «እንስራችን ውስጥ ሞልቶ የለም እንዴ?»

ባሌ የባሰ ነው። እሱ የሚያነሳው የሰው ጀርባ ነው። የሰፋው ኮት ከኋላ እንዴት እንደወረደ ለማየት። ሰዉ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን አበጥሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ባሌ «ዙርልኝማ» ይለዋል። ዳንግላ ውስጥ ስንት ሰው ፎቶ ተነሳሁ ብሎ ማጅራቱን ብቻ አገኘ!

ፊልሙ ሲያልቅ ማጠቢያው የኔ ጓዳ ነው። ዱቄቴን፣ በርበሬዬን፣ ቅቤዬን ወደ ጥግ ገፍተው፣ ሊጥ የማቦካበትን ገበቴ ወስደው፣ ፋኖሱን ቀይ ጨርቅ አልብሰው ይገባሉ። ሁለት ዓይነት ውሃ አላቸው። የመጀመሪያው ምስሉን ያወጣዋል። ሁለተኛው ደግሞ ብርሃን እንዳይበላው ያደርገዋል። ለሁለተኛው ውሃ የሚበጠብጡት ሃይፖ የሚባል ነጭ ነገር ነው፤ ድቅቅ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቅማ ኖሮ ይህ ወሬ አይኖርም ነበር።

የካቲት ላይ አማቴ ከጥርባ መጡ። አገው ናቸው፤ ከፈረሳቸው ጋር በአውኝኛ፣ ከኛ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩ። ለፈረሱ የሚነግሩት ለኛ ከሚነግሩን ይረዝም ነበር። በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ፣ ፈረሰኛው ሲሰለፍ ከፊት የሚታዩት እሳቸው ናቸው። በዚያ አገር ፈረስ መጋለብ የተማረ ጎረምሳ ሁሉ የእሳቸውን ጩኸት ሳይሰማ አልተማረም። «ጉልበትህን ግጠም! ጉልበትህን!» ይሉታል። ጉልበቱ ከኮርቻው ከተከፈተ ፈረሰኛ አይደለም ይላሉ።

የመጡት ዓይናቸውን ሊታዩ ነው። ሐኪሙ በረንዳችን ላይ ፀሐይ ወዳለበት አዙሮ ደጋግሞ አያቸው።

«ተናገር እንጅ፣ ፈረስ ልትገዛ ነው እንዲህ የምታየኝ?» አሉት።

«አባየ፣ ሞራ ነው። የግራው ጨርሷል። የቀኙም ብዙ አይቆይም፤ ክረምቱን የሚሻገር አይመስለኝም። አዲስ አበባ ቢሄዱ ይሻላል።»

«ፈረሴን ማን ሊይዝልኝ? አልሄድም።» ከዚያ ካሜራዋ የተንጠለጠለችበትን ምሰሶ በእጃቸው ዳበሱት። «ይልቅ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እኔ ሁሉን ሰው ሲጋልብ አይቻለሁ። አባቴን አይቻለሁ፣ ወንድሞቼን አይቻለሁ። ይህን ልብስ ሰፊም አይቻለሁ፤ እንደ ጆንያ ነው የሚቀመጥ። ራሴን ግን አንድ ቀን አላየሁም። በዚህ በቀረችው ዓይኔ ራሴን ፈረስ ላይ ሆኜ ልየው።»

ባሌ ጆንያ መባሉን እንኳ ረሳው። ሦስቱም ተያዩ። ካሜራዋ ውስጥ የቀረው ሦስት ብቻ ነው። ሌላ ፊልም ስልክ ቤቱ ሰውዬ አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ልኮበት እስኪመጣ ወር፣ ሲዘገይም ሁለት ወር ይሆናል። ያ ዓይን ደግሞ እየጠበቀ አይደለም።

በማግስቱ ሰኞ፣ ባሌም ሥራውን አስቀምጦ፣ ከከተማው ዳር ወዳለው ሜዳ ወጣን። እኔም ወጣሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ያመልጠኛል? አማቴ ነጭ ለብሰዋል፣ ፈረሱን በተሸለመ ኮርቻ ጭነውታል። ስልክ ቤቱ ሰውዬ «ይቁሙ አባየ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አለና የመጀመሪያዋን አነሳ።

«ይህ ነው?» አሉ አማቴ። «የቆመ ፈረስ ምን ፈረስ ነው? እህል የጫነ በቅሎ አስመሰልኸኝ። ልጋልብ!»

«ካሜራዋ አሮጌ ናት አባየ፣ አትደርስብዎትም።»

«እኔም አሮጌ ነኝ። እንተያያለን።»

ሁለተኛዋን ባሌ ያዘ። አማቴ ከሜዳው ጫፍ ተነሱ፤ መሬቱ ድም ድም አለ፤ እንደ ነፋስ አለፉ። ባሌ ቀጭ ያደረገው ካለፉ በኋላ ነው። ሐኪሙ ፀጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው። «ጭራው እንኳ አልገባም!» አለው። «የሰው ጀርባ ስታነሳ ኖረህ የፈረስ ጀርባ ያቅትህ?» አልሁት እኔም። ተቆጣ።

አንዲት ቀረች። ሐኪሙ ካሜራዋን ወሰደ፣ ጫማውን አወለቀ። «ከፈረሱ ጋር አብሬ ነው የምዞር» አለ። እሳቸው እንደገና ተነሱ። ሐኪሙ ካሜራዋን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ በተረከዙ እየተሽከረከረ፣ እንደ ዘፋኝ ከወገቡ ዞረና ፊት ለፊቱ ሲደርሱ ቀጭ አደረገ። ዙሩ ግን አላበቃም፤ ማቆም አቃተውና በቂጡ አቧራው ላይ ተቀመጠ። ካሜራዋን ግን ወደ ላይ አንስቷት ነበር። ያን ጊዜ እንደሳቅሁት ከዚያ ወዲህ የሳቅሁ አይመስለኝም።

ገባ ወይስ አልገባ? እስኪታጠብ ማንም አያውቅም። ማጠቢያው እሑድ ነው፤ ሌላ ቀን ሦስቱም አብረው ጊዜ የላቸውም። አማቴ «ሳላየው አልሄድም» ብለው ሳምንቱን እኛ ዘንድ ሰነበቱ።

እኔ ደግሞ ፈረሱን ልሸልም አሰብሁ። እንዲያ ጋልቦ፣ አልቦት፣ ማንም «ጎበዝ» ያለው የለም። ጓዳ ገባሁ፣ መደርደሪያው ላይ ቢጫ ቆርቆሮ አለ፤ ከፈትሁት፣ ጨው ነው። ባሌ የፈረንጅ ጨው ገዝቶ ደብቆኝ ነው ብዬ ተናደድሁበት፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን እንደሆን አላነብ። አንድ እፍኝ ወስጄ ለፈረሱ አላስሁት። ወደደው። በማግስቱም ሰጠሁት፤ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። እኔን ከሩቅ ሲያይ ያሽካካ ጀመር። ደስ አለኝ። ከእሳቸው ሌላ ሰው የማያስጠጋ ፈረስ በኔ እጅ ገባ!

ሐሙስ ላይ ሆዱ ላላ። ዝርዝሩን እንኳ ልተው፤ የጠረግሁት እኔ ነኝ። አማቴ «የዳንግላ ሣር አልተስማማውም» አሉ። እኔም «አዎ፣ ሣሩ ነው» አልሁ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሌ መርፌ እየሰካ «ያ ሃይፖ ለነገ ይበቃን ይሆን?» አለኝ።

«የቱ?»

«በቢጫው ቆርቆሮ ያለው ነዋ። ጨው የሚመስለው። እሱ ከሌለ ፎቶው ብርሃን ሲያይ ተቃጥሎ ይጠፋል።»

ክው አልሁ። ቀስ ብዬ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ከሥሩ አንድ ቁንጥር ነው የቀረው።

እንግዲህ ጎበዝ ሴት ብሆን ወጥቼ እናገር ነበር። አልተናገርሁም። ባሌን ፈርቼ አይደለም፣ ባሌ ቁጣ አያውቅበትም። አማቴን ነው። ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ጧት በር ላይ ቆመው ቀኝ ዓይናቸውን ይፈትኗታል። «ያች ዛፍ ዋንዛ ናት አይደለች?» ይላሉ። እኔ «አዎ» ስል «አየኋት እኮ» ይሉና ይደሰታሉ። እንዴት ብዬ «የእርስዎን ፎቶ ፈረስዎ በላው» ልበል? እናም ምን አደረግሁ? ለከብት የምናልሰው አሞሌ ጨው ነበረን። ሙቀጫ አወጣሁ፣ ወቀጥሁት፣ አደቀቅሁት፣ ቢጫውን ቆርቆሮ ሞላሁት። ጨው ጨው ነው፣ ምን ይለየዋል ብዬ ራሴን አታለልሁ። አየሁት፤ ልክ እሱን መሰለ። እንዲያውም የኔ ይበልጥ ነጭ ነው።

እሑድ ጧት አማቴ «ፈረሱ ዛሬ ጨው አላገኘም?» አሉኝ። ለካ ስሰጠው ያውቃሉ።

«ጨው አልቋል አባየ።»

«ድምፅሽ ምነው ቀጠነ?»

«ብርድ ነው።»

ከምሳ በኋላ ሦስቱ ጓዳ ገቡ። እኔና አማቴ ከበሩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። አማቴ ሥራ ነበራቸው፤ ሰዓት ነበሩ። የሐኪሙ የእጅ ሰዓት ደስ ሲላት ትሄዳለች፣ ሲከፋት ትቆማለች። ስለዚህ ድሮም በጸሎት ነው የሚቆጥሩት፤ መጀመሪያው ውሃ ውስጥ አሥራ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት፣ ሁለተኛው ውስጥ ሃያ። እግዜር ይቅር ይበላቸው። ስልክ ቤቱ ሰውዬ ሲቆጥር ግን ይፈጥናል፣ ባሌ ይረሳል፣ በየጊዜው ይጣላሉ። አማቴ በቀስታ፣ አንዲት ቃል ሳይውጡ፣ እንደ ወግ ነው የሚደግሙ። ያን ቀን እሳቸው ይሁኑ ተባለ።

«ይጀምሩ አባየ!» አለ ሐኪሙ ከውስጥ።

ጀመሩ። አሥራ ሁለት ሲሞላ ከውስጥ ጩኸት ተነሳ። «ወጣ! ፈረሱ ወጣ!»

«እኔስ?» አሉ አማቴ።

«እርስዎም አሉ! ከላዩ ላይ ነዎት!»

አማቴ እጄን ያዙኝ። እኔ የማስበው ግን ሁለተኛውን ውሃ ነበር።

ሁለተኛው ውሃ ተጀመረ። ሃያ ሞላ። «ገና ነው፣ እንደ ወተት ነው፣ ይድገሙ» አለ ሐኪሙ። ሠላሳ ሞላ። «ገና ነው።» አርባ ሲሆን አማቴ «የዓመቱን ጸሎት ዛሬ ጨረስሁት እኮ» አሉ። ከውስጥ ሹክሹክታ፣ ከዚያ የሚመጠጥ ጣት ድምፅ ሰማሁ።

«ጨው!» አለ ሐኪሙ። «ይህ እኮ የወጥ ጨው ነው!»

በሩ ዝግ በመሆኑ እግዜርን አመሰገንሁ። እነሱ ፊቴን አያዩ፣ እኔም ፊታቸውን አላይ። ወደ ሳንቃው ጠጋ ብዬ «ፈረሱ በላው» አልሁ።

«ምን አልሽ?» አለ ባሌ።

«ሃይፖውን። ፈረሱ በላው። እንዳይጎድልባችሁ ብዬ አሞሌ ሞላሁበት።»

«ፈረሱ ጓዳ እንዴት ገባ?»

«ፈረሱማ አልገባም። እጄ ነው የገባው።»

እኔ የፈራሁት ከጎኔ ያሉትን ነው። አማቴ ግን ስለ ፈረሱ ሆድ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዘወር ብለውም አላዩኝም። «ታዲያ ፎቶው ምን ይሆናል?» አሉ፣ ለበሩ።

«በሩን ከከፈትነው ይጠቁራል አባየ» አለ ሐኪሙ። ድምፁ ወርዷል። «ሃይፖ ደግሞ ዳንግላ ውስጥ የለም። እስኪመጣ ፊልሙ እርጥብ ሆኖ ይበላሻል። ያ ወተት የሚመስለው ነገር መሟሟት ነበረበት፤ አልሟሟም።»

«ወተት የሚመስለው ምንድን ነው?»

«ፊልሙ የተቀባው ነው። ሙጫ ነገር ነው፤ ከከብት ቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ።»

«ቆዳ ነው በለኛ!»

«ያው... ከቆዳ ነው።»

«ታዲያ ቆዳ በአርባ አቡነ ዘበሰማያት ነው ጨው የሚጠጣ?» አሉ አማቴ፣ ተነስተው ቆሙ። «እኔ የኮርቻዬን ቆዳ ጨው ነስንሼ ስንት ቀን ነው የማስተኛው? ቸኩላችሁ ነው እንጅ! ጨው ጨምሩበት፣ ክደኑት፣ ተዉት። ቀስ ብሎ ይገባዋል።»

ውስጥ ስልክ ቤቱ ሰውዬ ሳቀ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «ሌላ ምን አለን?» አለ። «ከመጣል ይሻላል።»

ያለኝን አሞሌ ሁሉ ወቀጥሁት። ከጎረቤትም ለመንሁ። ፊልሙ ያለበትን ሳህን በገበቴ ከድነው፣ በሦስት ጋቢ ጠቅልለውት ኖሮ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ጨውን ተቀበሉኝ። እንደገና ዘግተው ጨው አልሟሟም እስኪል ድረስ ጨመሩበት። ከዚያ ከድነው ወጡ፣ በሩም ተዘጋ። እስከ ማክሰኞ ማንም እንዳይከፍተው ተማማልን።

ዱቄቴ ውስጥ ነው። በርበሬዬ ውስጥ ነው። ቅቤዬም ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ድንች ቀቅለን በላን፣ ያውም ያለ ጨው፤ ጨው ሁሉ አማቴን እያጠበ ነው። ባሌ ድንቹን በልቶ «ምነው ፈረሱ ለኛም ትንሽ ቢያስተርፍ» ይላል። ይገባኛል፣ ዝም አልሁ። እኔ ዝም ስል እንዴት እንደሚያስደስተው!

ሰኞ ዕለት ከአማቴ ጋር በር ላይ ተቀምጠን ነበር። ያችን ዛፍ አዩዋት። «ልጄ፣ ያች ዋንዛ ናት ወይስ ሌላ?» አሉኝ። ትናንት «ወይስ» አልነበረበትም።

«ይቅር ይበሉኝ አባየ» አልሁ።

«ፈረስ ጨው ስላላሰች ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት አይቼ አላውቅም። ግን ካላየሁት አኮርፋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጥር ጊዮርጊስ።»

«ረጅም ነው አባየ።»

«ስለዚህ ጸልይ በይው ለሐኪሙ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

ማክሰኞ ሐኪሙ ከክሊኒክ ሲወጣ በቀጥታ መጣ። ስልክ ቤቱ ሰውዬም ተራውን ለጓደኛው ትቶ መጣ። ገቡ፤ ዘጉ። እኔ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጠፍሁት። ጋቢው ሲነሳ፣ ገበቴው ሲነሳ ሰማሁ።

«ጠርቷል» አለ ባሌ። በጣም ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ቢጮህ የሚደፈርስ ይመስል። ቀጥሎ ግን ሦስቱም ባንድ ላይ ጮኹ።

ሁሉም አልዳነም። የቆመው ፈረስ ጉራማይሌ ሆኗል፤ ከአንገቱ በታች ወተት ነው። የባሌ ፎቶ ሜዳ ብቻ ነው፣ ጥርት ያለ ሜዳ። ሦስተኛዋ ግን ከጥጎቿ በቀር ነጽታለች። በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አለቀለቋትና የበርበሬ ዛላ በማደርቅበት ገመድ ላይ ሰቀሏት። በማግስቱ ወረቀት ላይ አወጧት፤ ወረቀቱንም በጨው አሳደሩት፣ ሌላ ምን አለና። ቀለሙ ጥቁርና ነጭ አልሆነም፤ ወደ ዳማ አደላ። አማቴም ፈረሱም ዳማ ሆኑ።

ሐሙስ ጧት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አማቴን በረንዳ ላይ አስቀመጥናቸው። ባሌ ፎቶውን በሁለት እጁ ሰጣቸው። መዳፍ የማታህል ናት። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ፣ አፍንጫቸውን ሊነካ ደረሰ። እኛ አራታችን ከበናቸው ቆምን። ከፎቶው ጀርባ ሜዳው ተጠራርጎ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ፈረሱ ግን አራቱም እግሩ ከመሬት ተነስቶ ይታያል፣ የእሳቸውም ጋቢ ከኋላ ተዘርግቷል። በቂጡ የወደቀው ሐኪም ደህና አድርጎ ነው ያነሳው።

አዩ። አዩ። አሁን ያለቅሳሉ ብዬ ነጠላዬን ሳዘጋጅ፣

«ጉልበቴ!» አሉ።

«ምን ሆነ አባየ?»

«ጉልበቴ ተከፍቷል! እዩት! በዚህ በኩል ብርሃን ያሳልፋል! አርባ ዓመት ሙሉ በየጎረምሳው ላይ ስጮህ... ለካ እኔው ራሴ...» ቀጥለው መናገር አልቻሉም። ሳቅ ጣላቸው። ከበርጩማው ሊወድቁ ሲሉ ባሌ ያዛቸው። ሳቁና ሳቁና ከዚያ እንባው መጣ፤ የትኛው የሳቅ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ እኔ አልለየሁትም። ፎቶዋን ግን አልለቀቁም።

ከሰዓት በኋላ ፈረሳቸውን ጭነው ወደ ጥርባ ተነሱ። ዳር ድረስ ሸኘናቸው። ወደኋላ ሳይዞሩ «አሁንስ ገጥሟል?» ብለው ጮኹ። ባሌ «ገጥሟል አባየ!» አላቸው። እኔ ሳቄን አፍኜ ቀረሁ።

ክረምቱን ዓይናቸው አልተሻገረም፤ ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ሞራው ሁለቱንም ጋረደው። ከዚያ ወዲያ ፈረስ ላይ የወጡት ሌላ ሰው እየሳበላቸው ነው። ፎቶዋ ግን በኪሳቸው ናት። ወደኛ በመጡ ቁጥር፣ ወይም እኛ በሄድን ቁጥር፣ አውጥተው ለኔ ይሰጡኛል። ለልጃቸው አይሰጡትም። ያ ልብስ ሰፊ ይዋሻል ይላሉ።

«እስኪ እይልኝ፣ ጉልበቴ እንዴት ነው?»

«እንደተከፈተ ነው አባየ።»

«ብዙ?»

«በግ ያሳልፋል።»

ይሄኔ ይስቃሉ፣ ጉልበቴን መታ ያደርጉኛል፣ ፎቶዋን መልሰው ኪሳቸው ይከታሉ። ዓመት ዓመት እንዲሁ ነበር።

አንድ ጊዜ ታመው ልንጠይቃቸው ሄድን። ከተኙበት እጃቸውን ከትራሱ ሥር ልከው ፎቶዋን አወጡ። አላሳዝናቸው ብዬ፣ እኔ ሞኟ፣ «ዛሬስ ገጠም ያለ ይመስላል አባየ» አልሁ።

ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ዋሸሽ» አሉኝ። «ድምፅሽ ቀጠነ። ጨው አልቋል ያልሽኝ ዕለትም እንዲሁ ነበር የቀጠነው።»